ቤዛዊትን በእግር

በወርኀ ታኅሣሥ፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ፣ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ሰማዩም እንደ ጠራ ሳለ፣ ባሕር ዳር የሚሰነብት መንገደኛ ሁሉ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ወዳሠሩበት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በባጃጅ ሳይሆን በእግሩ እንዲወጣ አጥብቄ እመክራለሁ። ኮረብታው እጅግ ከፍ ያለ አይደለም፤ ዳሩ ግን በተሽከርካሪ የሚወጣው ሰው ሠናዩን እይታ ሁሉ በአንድ አፍታ ተቀብሎ ሲመለስ፣ እግረኛው፣ የነጠላውን ጫፍ የያዘውን ጨጎጎት ለማራገፍ ቆም ባለ ቁጥር (መቆሙም ራሱ በረከት ነው)፣ ፊቱን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ አስቀድሞ ዐባይ ከሐይቁ ተለይቶ በደንገል መካከል ወደ ጢስ ዐባይ ሲያዘግም፣ ቀጥሎም የከተማይቱን ጣሪያና ዘንባባ፣ በፍጻሜውም ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን የመሳሰሉ ጥንታውያን ገዳማትን በደሴቶቹ አቅፎ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለውን የጣናን ግርማ በየተራ ይመለከታል። ዓይነ ሥጋ የሚያየውን ኅሊና ተከታትሎ የሚደርስበት በእግር ርምጃ ልክ ነውና፣ ይህ የአወጣጥ ሥርዓት ከሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ላይ ጉዞህን ጀምር፤ የከተማይቱም ሹማምንት ለእግረኛው በዛፍ የተጠለለ መንገድ ያበጁለት ዘንድ እማፀናለሁ።