የቆሮሶ ቆዳና የተቃጠለው ሕፃን

አንባቢ ሆይ! የሕክምና ተማሪ ካልሆንህ የተቃጠለ ሕፃን ቁስል ሲታጠብ ምናልባት አይተህ አታውቅም። እኔ አይቻለሁ። በገጠር ቤት እሳቱ መሬት ላይ በሦስት ጉልቻ መካከል ይነዳል፤ ሕፃኑም ዳዴ እያለ ወደዚያው ይሄዳል። ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ስለማመድ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ፣ ጠዋት የነርሷን ጋሪ ድምፅ ስትሰማ ገና ሳትነካ ትጮኽ ነበር። የደረቀው ፋሻ ሲላቀቅ አዲስ የበቀለውን ሥጋ ይዞ ይነሣልና። ፋሻውም ያለቀ እንደ ሆነ እናቲቱ ከውጭ ገዝታ ታመጣለች።

በዚያው ሰሞን በክፍል የምንማረው ስለ ሕብረ ሕዋስ ምሕንድስና ነበር። ነገሩ በእውነት ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 በቦስተን ሐኪሙ ጆን በርክና የግሪክ ተወላጁ መሐንዲስ ዮአኒስ ያናስ ከከብት ኮላጅንና ከሻርክ ለስላሳ አጥንት ከሚወጣ ንጥረ ነገር ሰፍነግ የመሰለ ሥሥ ንጣፍ ሠርተው፣ በላዩ የሲሊኮን ሽፋን አድርገው፣ ክፉኛ የተቃጠሉ ሰዎችን አለበሱበት። የበሽተኛው የራሱ ሕዋሳት በቀዳዳዎቹ ገብተው አዲስ ሥጋ ሲሠሩ ንጣፉ ቀስ በቀስ ይሟሟል። እንደ ግንበኛ መወጣጫ መሆኑ ነው፤ ይህኛው ግን አፍራሽ አያስፈልገውም። ዋጋው የገበሬ አቅም አይደለም እንጂ!

ለእኛ የሚቀርበው የብራዚሎች ሥራ ነው። በፎርታሌዛ ከተማ የሴአራ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዓሣ ቆዳ አጥበው፣ በክሎርሄክሲዲንና በግሊሰሮል አክመው፣ በጋማ ጨረር ከጀርም አንጽተው የተቃጠለ ገላ ይሸፍኑበታል። ቆዳው ኮላጅን የሞላበት ነው፤ እርጥበትም ይይዛል፤ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ብዙ ቀን ስለሚቆይ በየጊዜው መፍታትና ማሰር ይቀራል። በበሽተኞች ላይ ሲፈተንም ሕመሙና የፋሻው ቅያሬ መቀነሱ ታይቷል። ዓሣው ማን ይመስልሃል? የናይል ቲላፒያ ነው፤ እኛ ቆሮሶ የምንለው! ከሶዶ ተነሥተህ ሁምቦን ስታልፍ በምታገኘው በአባያ ሐይቅ ይኖራል። ሥጋውን እንበላለን፤ ቆዳውን ለአሞራ እንጥላለን።

ማንም ይህን አንብቦ ጥሬ ቆዳ በልጅ ቁስል ላይ እንዳይለጥፍ አደራ እላለሁ፤ ጀርም መለጠፍ ይሆናል። ጠልቆ የገባ ቃጠሎም ከራሱ ከበሽተኛው ቆዳ ተወስዶ ሊተከልበት ይገባል እንጂ የዓሣ ቆዳ ብቻ አያድነውም። ጨረሩም ቀላል ነገር አይደለም። በቃሊቲ ወንዱን የገንዲ ዝንብ በጋማ ጨረር የሚያመክን ማዕከል ተቋቁሟል፤ ዝንብን ለማምከን የሚበቃው መጠን ቆዳን ለማንጻት አይበቃም፤ ዕውቀቱ ግን ለአገራችን ባዕድ አይደለም።

እኛ ተማሪዎች ግን በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፋችንን ስለ ምን እንጽፋለን? «በእገሌ ቀበሌ የእናቶች ዕውቀት፣ አመለካከትና ልማድ»! መጠይቅ በትነን፣ መቶኛ አውጥተን፣ ጠርዘን መደርደሪያ ላይ እናኖረዋለን። (እኔም አንዱን ጽፌአለሁ፤ አልክድም።) በቆሮሶው ቆዳ ግን የመጀመሪያው ሥራ በሽተኛ እንኳ አይነካም፤ ከታጠበ በኋላ ስንት ጀርም እንደ ቀረበት መቁጠር፣ ሲሳብ ምን ያህል እንደሚችል መለካት፣ በግሊሰሮል ስንት ወር እንደሚቆይ መከታተል ነው። ሶዶ ላይ ደግሞ የሕክምናውም፣ የኬሚስትሪውም፣ የግብርናውም ተማሪ በአንድ ከተማ ይኖራል።

ቆዳውን ከሐይቁ ለማምጣት እኔ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሠራ የኬሚስትሪ ተማሪ ካለ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይፈልገኝ።