የዱቤ ደብተርና የድምፅ መልእክት

በመካው ዑተይቢያም ሆነ በጅዳ ሐበሻ ለሐበሻ በዱቤ ይሸጣል። አባያው፣ ሽቶው፣ የሕፃን ልብሱ፣ ከአገር ቤት የመጣው በርበሬና ቡና ሁሉ «ደመወዝ ስቀበል» በሚል ቃል ይወሰዳል። ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ቅጽል ስምና ቁጥር ብቻ ነው፦ «ረጅሟ 400»፣ «የላይኛዋ ቤት 250»። ደመወዙ ሲዘገይ ወይም ተበዳሪዋ አሠሪ ስትቀይር ደብተሩ ይዘጋና ስልኩ ይከፈታል።

ያኔ የሚላከው የድምፅ መልእክት አካሄዱ የታወቀ ነው። «እህቴ ሰላም ነሽ ወይ» ብሎ ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን «አላህን ፍሪ» ይከተላል። ሳምንት ሲሞላ እናቷ ትሰደባለች፤ ከዚያም «ለጀዋዛት (ለኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት) እጠቁምሻለሁ» ይባላል። ይህም ካልበቃ ፎቶዋ በዋትሳፕና በቲክቶክ ይለጠፋል፤ ከሥሩም «ይቺን ሌባ ያያችሁ» የሚል ጽሑፍ ይታከልበታል።

የአበዳሪዋ ንዴት ይገባኛል፤ በሰው ቤት ጉልበቷን አፍስሳ ያጠራቀመችው ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ በቴክኖሎጂ መሣሪያ የሰውን ስም ያጠፋና የጎዳ እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500 ሺህ ሪያል መቀጮ ሊያገኘው እንደሚችል ይደነግጋል። «ዕዳው እውነት ነው» ማለቷ ያድናታል ብዬ አልመክራትም። 400 ሪያል ልታስመልስ የተነሳችው ሴት ራሷ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች።

የጀዋዛቱ ዛቻ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ሞኝነት ነው። የተጠቆመችው ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌላት ከሆነች መንገዷ በሹመይሲ ማቆያ በኩል ወደ ቦሌ ነው፤ ዕዳውም አብሯት ይሳፈራል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ሲመለሱ ስንት የዱቤና የዕቁብ ገንዘብ ሜዳ ላይ እንደቀረ ያየ ሰው በዚህ አይጫወትም። በጥንቱ የአገራችን ሥርዓት አበዳሪና ተበዳሪ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ጭካኔ ነበር፤ ሆኖም ባለዕዳውን ከአበዳሪው ዓይን አያርቅም ነበር። የእኛ ዛቻ ግን ባለዕዳዋን ከነዕዳዋ ባሕር ያሻግራታል።

«አላህን ፍሪ» ለሚሉትም አንድ ነገር ልበል። ከቁርኣን ሁሉ ረጅሙ አንቀጽ የበቀራ 282ኛው ነው፤ ጉዳዩም ዕዳን ከነቀጠሮው ስለመጻፍና ምስክር ስለማቆም ነው። ከእሱ በሁለት ከፍ ብሎ ያለው 280ኛው ደግሞ ለተቸገረ ባለዕዳ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። ሁለቱም ሰባት መስመር በማይሞላ ደብዳቤ ውስጥ ይገባሉ፦

«ወይዘሮ እገሊት፣ አሰላሙ አለይኩም። ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ሦስት አባያ በ450 ሪያል ወስደዋል። ፌብሩዋሪ 2 ቀን 150 ሪያል ከፍለዋል፤ ቀሪው 300 ሪያል ነው። እስከ ማርች 5 ቀን እንዲከፍሉኝ እጠይቃለሁ። በአንድ ጊዜ መክፈል የማይመችዎት ከሆነ በስንት ጊዜ እንደሚከፍሉ ይጻፉልኝ። ሒሳቡ ላይ የማንስማማበት ነገር ካለም ይንገሩኝ።»

ቀኑ ከነዓመቱ መጻፉ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። በእኛ፣ በሒጅራና በፈረንጅ ሦስት አቆጣጠር ለሚኖር ሰው «በ10 እሰጥሻለሁ» ማለት የጠብ ምንጭ ነው። የደብዳቤው ጉልበት ግን ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው። ስድብ የሚያመጣው ስድብ ወይም ብሎክ ነው። እንዲህ ተጠይቃ ግን «ደመወዜ ዘግይቶ ነው፣ መቶ መቶ አድርጌ እከፍላለሁ» ብላ የጻፈች ሴት ዕዳውን በገዛ እጇ አመነች ማለት ነው። ምንም ወረቀት ያልነበራት ነጋዴ አሁን ወረቀት አገኘች። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሳዑዲ የማስረጃ ሕግም የዲጂታል መልእክትን በማስረጃነት ይቀበላል። በደብዳቤው ላይ «የመዘግየት» ተብሎ 50 ሪያል መጨመር ግን እውነተኛውን ሒሳብ ያበላሻል፤ የአገሩ ፍርድ ቤት ወለድ አያስከፍልም።

ፈቃድ ያለው ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ከሆነ መንገዱ ሰፋ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የሳዑዲ የንግድ ፍርድ ቤቶች ሕግ፣ ደንቡ በዘረዘራቸው ጉዳዮች ከሳሽ ከመክሰሱ ቢያንስ 15 ቀን አስቀድሞ ባለዕዳውን በጽሑፍ እንዲጠይቅ ያስገድዳል። ናፊዝ በተባለው የመንግሥት መድረክ የተፈረመ የክፍያ ሰነድ ያለው ደግሞ ክርክር ሳይገጥም በቀጥታ አፈጻጸም መጠየቅ ይችላል። በሌላ ሰው ፈቃድ የሚነግድ ግን ክስ ሲያስብ የራሱን ጓዳ ይመልከት፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የንግድ ሽፋን መከላከያ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ አለው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጨዋ ደብዳቤ ዋናው መሣሪያው ነው።

ባለዕዳዋ አገር ቤት ገብታ ከሆነስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1772 ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። በአንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው፤ ስለዚህ አባያ በዱቤ የሸጠችውና ጥሬ ገንዘብ ያበደረችው እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛዋ ገና ሪያሉን ስትቆጥር ልታስፈርምና ሁለት ምስክር ልታቆም ይገባል። የይርጋው ጊዜ በመደበኛው 10 ዓመት ሲሆን ባለዕዳዋ ዕዳውን ባመነች ጊዜ እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። ደሴ ያለ የአበዳሪዋ ወንድም በጅዳው የኢትዮጵያ ቆንስላ በተረጋገጠ ውክልና ሊከስላት ይችላል። እሱ ከውክልናው ጋር ይዞ መቅረብ ያለበት፣ ቀን ያለበትን የጥያቄ ደብዳቤና የተሰጠውን መልስ ነው።