አዋላጇ ከየት ትምጣ?



«ባለቤቴን ሴት ካልሆነች አታዋልዳትም» የሚል አባወራ በመተማም ሆነ በሌላው የሙስሊም ቀዬ አይጠፋም። ሐያእ ነውና አንነቅፈውም። ግን ይኸው ሰው የገዛ ልጁን ስምንተኛ ክፍል ሳትጨርስ ከትምህርት አስቀርቶ ይድራታል። እንግዲያ አዋላጇ ከየት ትምጣ?

የጤና ትምህርት የሚቀረጸው በኅብረተሰቡ ኑሮ ነው። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው አብረው ሠልጥነው አብረው ወደ ገጠር ይወጡ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽም፣ በየቤቱ ገብታ እናቶችን የምታነጋግረው ሴት ትሁን ተብሎ፣ 10ኛ ክፍል የጨረሱ የየቀበሌው ልጃገረዶች ለ1 ዓመት እየሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆኑ።

መተማ ዛሬ የራሷን ጥያቄ ታቀርባለች። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋ የሚወርደው የሰሊጥ ሠራተኛ በተሰነጣጠቀው ጥቁር መሬት ላይ፣ ከግራር ሥር ያድራል። ካላዛርን የምታስተላልፈው ደቃቅ የአሸዋ ዝንብም የምትነክሰው እዚያ ነው። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይከሳል፤ ካልታከመ ይሞታል። ብዙው ሰው የሚታመመው ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ስለሆነ፣ በሽታውን አይታ የማታውቅ የደጋ ነርስ «ወባ ነው» ብላ ልትሸኘው ትችላለች። ስለዚህ የቆላው በሽታ በደጋው ኮሌጅም በደንብ ሊጠና ይገባል እንላለን።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሺህ ስደተኛ በመተማ በኩል ገብቷል። ሱዳናዊቷ እናት ሕመሟን የምትናገረው በዐረብኛ ነው። የድንበር ልጅ ይህን ዐረብኛ ከገበያ ለምዳዋለች (የመድረሳው እንኳ ለዚህ ብዙ አይበቃም)፤ የጎደላት ሙያው ነው።

ለሴት ልጅ ሙያው አይገባም የሚል ካለ፣ ሩፈይዳ አል-አስለሚያን ያስታውስ። በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰሉት ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ የታከሙት በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ በተተከለው ድንኳኗ ነበር።

«ጎንደር ሩቅ ነው፤ መንገዱም ያሰጋል» የሚሉ ወላጆች ስጋታቸው እውነት ነው። ሆኖም ከአንድ ሠፈር ሁለት ሦስት ልጆች አብረው ቢሄዱ፣ ከዘመድ ቤት ቢያርፉ ይቀላል። ከዚያ በፊት ግን ፈተናውን ማለፍ አለባቸው። ከዐስር ሶላት በኋላ በመድረሳው ክፍል የሒሳብና የባዮሎጂ ማጠናከሪያ ማስጀመር የትኛው ጀመዓ ያቅተዋል?