የ63 ደቂቃ ዘፈን

ዛሬ የምጋብዛችሁ አንድ ዘፈን ብቻ ነው። ችግሩ ዘፈኑ 63 ደቂቃ ይፈጃል።

የእኔ እንጀራ ማርኬቲንግ ነው። በ15 ሰከንድ ውስጥ ቀልባችሁን ካልያዝኩ ማስታወቂያው ከሸፈ ማለት ነው። ስለዚህ «ዶፕስሞከር» የተባለውን አልበም መውደዴ ራሴንም ይገርመኛል።

አልበሙ የ«ስሊፕ» ነው፤ ከካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ የተነሳ የሦስት ሰዎች ባንድ። ስልቱ ስቶነር ዱም ሜታል ይባላል። ብላክ ሳባዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይጫወት የነበረውን ከባድ ሮክ ውሰዱና ፍጥነቱን ቀንሱት፣ የጊታሩን ቅኝት ዝቅ አድርጉት፣ ደረት እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ ክፈቱት።

ሳልደብቃችሁ፣ ርዕሱም ግጥሙም ስለ ካናቢስ ነው። በበረሃ አቋርጠው ወደ ቅድስት አገር የሚጓዙ ተሳላሚዎችን ይተርካል፤ የሚያጨሱት ግን ዕጣን አይደለም። እኔ ዕፁን አልነካም፣ ለልጄም አልመኝም። የያዘኝ ሙዚቃው ነው።

መጀመሪያ የማት ፓይክ ጊታር ብቻውን ይመጣል። ቆይቶ ቤዙና ከበሮው ይገቡበታል። አል ሲስኔሮስ የመጀመሪያዋን ቃል እስኪያወጣ 8 ደቂቃ ገደማ ያልፋል፤ በእኛ ሥራ ስሌት 32 ማስታወቂያ መሆኑ ነው! አንዲቱ የጊታር ሐረግ እየተመላለሰች ትመጣለች። ሩብ ሰዓት ላይ ይሰለቸኝና እጄ ወደ ስልኬ ይሄዳል። ያቺን ካለፍኩ በኋላ ግን ጆሮዬ ትንንሹን ለውጥ መልቀም ይጀምራል፤ የክሪስ ሃኪየስ ከበሮ ትንሽ ሲቀየር እንኳ ትልቅ ነገር የተፈጠረ ይመስለኛል። ንጽጽሩን ይቅር በሉኝና፣ በዐቢይ ጾም በገና እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ዓይነት ትዕግሥት ያውቀዋል።

ልጆቹ ግን ዋጋ ከፍለውበታል። ለንደን ሬከርድስ ከተባለ ትልቅ ኩባንያ ጋር ተፈራርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ቀርጸው ያስረከቡት ይህን አንድ ዘፈን ነበር። ኩባንያው እንዲህ ያለውን ነገር አላወጣም አለ። ባንዱም ፈረሰ። በ1999 ወደ 52 ደቂቃ አጥሮ «ጀሩሳሌም» በሚል ስም በሌላ አሳታሚ ወጣ፤ ሙሉው ለአድማጭ የደረሰው በ2003 ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ ኩባንያውን ረገምኩ። ኋላ ግን እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ራሴን አስቀምጬ አየሁት። ሬዲዮ የማያጫውተው፣ ተቆርጦ ነጠላ ዜማ የማይወጣው፣ ርዕሱ ደጋፊ ድርጅት የሚያባርር ሥራ ቢቀርብልኝ «ይቅርብን» ብዬ ቀድሜ እጄን የማወጣው እኔ ነበርኩ። ሥራዬን በደንብ ስለማውቅ ነው እንዲህ የምላችሁ፤ ይህም እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

ለመስማት ካሰባችሁ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና በእሁድ ከሰዓት ሞክሩት። ባለፈው የስድስት ዓመቷ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚጨርሰው?» አለችኝ። «ገና ነው» አልኳት። 40ኛው ደቂቃ ላይ ዞር ስል ትራሱን አቅፋ ተኝታለች። የባንዱ ስም ትርጉም «እንቅልፍ» መሆኑ ያኔ ትዝ አለኝ፤ ድምፁን ትንሽ ቀንሼ የቀረውን ብቻዬን ጨረስኩት።