ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ፦ ክንዳችሁ ሳይድን «የማይመታ ጠመንጃ» አትፈልጉ



የዛሬው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ለጎንደር ሰው ግን እንግዳ አይደለም። በኢንቦክስ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፦ «ዶክተር፣ ክንዴ ተሰብሮ ነበር፤ አሁን ድኗል። ለቆቅና ለጅግራ አደን የሚሆን፣ ትከሻ የማይመታ ጠመንጃ የትኛው ነው?»

«ሐኪም ስለ ጠመንጃ ምን አገባው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ ግን ያገባኛል ባይ ነኝ። ከዳባት እስከ ጃናሞራ ባለው ደጋ ጠመንጃ የቤት ዕቃ ነው። ሐኪሙ «በቃ ተው» ብሎ ዝም ካለ ሰውየው ምክሩን ከጓደኛው ይወስዳል፤ ጓደኛው ደግሞ ራጅ አላየለትም።

አቋሜን ላስቀምጥ፦ ምቱ ለስለስ ያለ ጠመንጃ አለ፤ መምረጥም ይቻላል። ነገር ግን ጥያቄው ከመሣሪያው ከጀመረ ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ ነው። ቀድሞ መታወቅ ያለበት ክንዱ በትክክል መዳኑና የተጎዳው የቱ ጋ እንደሆነ ነው።

«ድኗል» ያለው ማነው?

ሕመም መጥፋት ማለት አጥንት ገጥሟል ማለት አይደለም። ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደው አግዳሚ አጥንት በአዋቂ ሰው ለመግጠም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጅበታል። ከክርን በላይ ያለው አጥንት 3 ወር ገደማ ይፈልጋል። የእጅ አንጓ ስብራት ብዙ ጊዜ ጄሶው በ6 ሳምንት ይወልቃል፤ ጥንካሬው ግን አብሮ አይመለስም። የትከሻ ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና የተሰፋለት ሰው ደግሞ ወደ ከባድ ሥራ ለመመለስ ከ4 እስከ 6 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታገስ አለበት። ትከሻው አንዴ የወለቀ ወጣት እንደገና የመውለቅ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

ስለዚህ ከስብራት በኋላ ቢያንስ 3 ወር ሳይሞላ፣ ራጅ ሳይታይና ሐኪም «ይቻላል» ሳይል ተኩስ የለም። ከዚያም ጠመንጃ ሳትነኩ ራሳችሁን ፈትኑ፦

👉 ክንዳችሁን እስከ ትከሻ ከፍታ ዘርግታችሁ ሳይንቀጠቀጥ 1 ደቂቃ ያዙ።
👉 ግድግዳ ላይ በሁለት እጅ ተደግፋችሁ 10 ጊዜ ወደፊት ወደኋላ ግፉ።
👉 3 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን በሁለት እጅ ከወገብ እስከ ትከሻ 10 ጊዜ አንሱ። ክብደቱ የአደን ጠመንጃ ያህላል።

በማግስቱ ጠዋት ካመማችሁ ገና ናችሁ። ፊዚዮቴራፒ ቀጥሉ።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል። ወጌሻን የምንቀው ሰው አይደለም፤ ገጠር ላለ ሰው በቅርብ የሚገኘው እሱ ነው። ችግሩ ስብራትን በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰሩ ላይ ነው። እጅ ሲያብጥ እስሩ ደም ይከለክላል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳ እስሩን ወዲያው ፈታችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ደም ያጣ ጡንቻ በ6 ሰዓት አካባቢ መሞት ይጀምራል። «ነገ እናየዋለን» እየተባለ እጅ የሚቆረጥበት ምክንያት ይኸው ነው።

ጠመንጃ ለምን ይመታል?

ጥይቱ ወደፊት በወጣበት ኃይል ልክ ጠመንጃው ወደ ኋላ ይገፋል። የምቱን መጠን የሚወስኑት በዋናነት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የሚወጣው እርሳስ ክብደት፣ የሚወጣበት ፍጥነትና የጠመንጃው የራሱ ክብደት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ክንዴ ደካማ ስለሆነ ቀለል ያለ ጠመንጃ ልያዝ» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ ለክንድ የቀለለው ለትከሻ ይከብዳል። በአንድ ዓይነት ጥይት 2.7 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ 3.4 ኪሎ ከሚመዝነው ይልቅ በሩብ ያህል የበለጠ ይመታል።

ምንሽርና ክላሽ የተኮሰ ሰው ቀጥሎ የምለውን በትከሻው ያውቀዋል። ምንሽር ይራገጣል፤ ክላሽ ግን ያን ያህል አይደለም። አንዱ ምክንያት የክላሽ ጥይት አነስ ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ ከባሩዱ ጋዝ ከፊሉ የመሣሪያውን የውስጥ ክፍል ወደ ኋላ ለመግፋት ስለሚውል ምቱ በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ትንሽ ተዘርግቶ ይደርሳል። በጋዝ የሚሠራ አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሬሚንግተን 1100 እና ቤሬታ ኤ400 በዚህ ይታወቃሉ። ባለ ሁለት አፈሙዙ፣ በእጅ ታጥፎ የሚጎርሰው፣ ምቱን ሳይቀንስ ለትከሻ ያስረክባል።

የተጎዳው የቱ ጋ ነው?

👉 ሰደፍ የሚያርፍበት ትከሻ ከሆነ፦ ጠላታችሁ ምቱ ነው። ከ3.2 እስከ 3.5 ኪሎ የሚመዝን በጋዝ የሚሠራ ጠመንጃ፣ ሰደፉ ላይ ወፍራም ላስቲክ ያለው ይሻላል። ሰደፉ በአግዳሚው አጥንትም በክንድ ጫፍም ላይ አይረፍ፤ በሁለቱ መካከል ያለችው ሥጋማ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይረፍ፤ ጠበቅ ተደርጎም ይያዝ። አጥንታችሁ በብረት ታስሮ ከሆነ ብረቱ ያለበትን ቦታ ሰደፍ እንዳይነካው።
👉 አፈሙዝ የሚደግፈው እጅ ክርን ወይም አንጓ ከሆነ፦ ጠላታችሁ ክብደቱ ነው። እዚህ 20 ጌጅ የሚባለው ቀጠን ያለው ሊረዳ ይችላል፤ ግን ቀላል ጥይት ካልጎረሰ ምቱ ይብሳል።
👉 ቃታ የሚስበው እጅ ከሆነ፦ ጣት ደንዝዞ ከሆነ ጭራሽ አትያዙ። የማይሰማ ጣት ቃታ ላይ አደጋ ነው፤ ለእናንተም ከፊታችሁ ላለውም።

አንድ ትከሻ ተጎድቶ በሌላው መተኮስ ይቻላል። ሆኖም የሚያነጣጥረው ዓይንም አብሮ ስለሚቀየር ብዙ ልምምድ ይጠይቃል።

አሁን ከሁሉም የረከሰው መፍትሔ፦ ጠመንጃ ሳይሆን ጥይት ቀይሩ። በ12 ጌጅ የ32 ግራም እርሳስ ትታችሁ፣ ፍጥነቱ ተመሳሳይ የሆነ የ24 ግራም ብትወስዱ ምቱ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ቅርብ ለምትነሳ ቆቅ 24 ግራም ይበቃል። ውጭ አገር ሆናችሁ ምርጫ የበዛላችሁም ከውድ ሞዴል በፊት ይህን ሞክሩ። በመጀመሪያው ቀን ከ5 ጥይት አትለፉ። እጅ ከደነዘዘ ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ወደ ጣት የሚሄድ ስሜት ካለ ነርቭ እየተነካ ነው፤ አቁሙና ታዩ።

ጆሯችሁንም አትርሱ። የጠመንጃ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ድምፅ በአንድ ጊዜ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። የታደነውን ስታበስሉም የእርሳስ ፍንጣሪ ያለበትን ሥጋ ዙሪያውን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ በተለይ ለሕፃናት እርሳስ በትንሹም ቢሆን ጎጂ ነው።

ደጋው ራሱ ሐኪም ይፈልጋል

ደባርቅ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በማለዳ ብርድ የተሰበረ ክንድ ይደርቃል፤ ሳያሟሙቁ ከፍ ማድረግ ጅማት ያስቆጣል። ገደላማ መንገድ ላይ ጠመንጃ ይዞ መውደቅ ደግሞ ያንኑ አጥንት ዳግም ለመስበር ይበቃል። ለብዙዎች ከምቱ ይልቅ የሚያሰጋቸው ይህ ነው።

ሕጉም አለ። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለፈቃድ መያዝን ይከለክላል። አደንም በዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ቆቅም ቢሆን አይታደንም።

በመጨረሻ የልቤን ልናገር። እኛ አገር ወንድ ልጅ «ትከሻዬን አመመኝ» ማለት ያፍራል። ጄሶው በወለቀ በሳምንቱ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ተኩሶ «ይኸው ድኛለሁ» ማለት የሚፈልግ አለ። ወደ ሰማይ የሄደ ጥይት ሰው ላይ ይወርዳል፤ ያልጠናው አጥንትም ይከፈታል። ያ ክንድ እኮ ሞፈር የሚይዝ፣ ልጅ የሚያቅፍ፣ ባጃጅ የሚነዳ ክንድ ነው። አንድ የአደን ወቅት ቢያልፍ ቆቋ ለከርሞ ትገኛለች።

ስብራት ያጋጠመው፣ መሣሪያም የሚይዝ ዘመድ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉለት። ራጁን ይዞ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ «መተኮስ እፈልጋለሁ» ብሎም በግልጽ ይንገረው። ሐኪሙ ካላወቀ ሊመክረው አይችልም።