የማንረሳቸው፦ ባርተለሚ ቦጋንዳ፣ ቄስም አባወራም

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናስታውሰው የአገራችንን ሰው አይደለም። የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ሰው ነው። ስሙ ባርተለሚ ቦጋንዳ ይባላል፤ ባርተለሚ ማለት በእኛ አጠራር በርተሎሜዎስ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ቦጋንዳ በ1910 በሎባዬ አካባቢ፣ ቦባንጊ በምትባል ደን ዳር ያለች መንደር ተወለደ። ያን ጊዜ ፈረንሳይ አገሩን ቆራርሳ ለኩባንያዎች ሰጥታው ነበር። ኩባንያዎቹ ህዝቡን ጫካ እየነዱ የጎማ ሙጫ ያስለቅሙታል። የተቆረጠበትን መጠን ያላሟላ ይገረፋል፤ ባል ሙጫ ይዞ እስኪመለስ ሚስት መያዣ ሆና ትታሰራለች። የቦጋንዳም እናት ያመጣሽው አይበቃም ተብላ በኩባንያው ዘበኞች ተደብድባ ሞተች። እሱ ገና ህፃን ነበር። የካቶሊክ ሚሲዮኖች ወስደው አሳደጉት፣ አስተማሩት፣ በ1922 አጠመቁት። በ1938 ማዕረገ ክህነት ተቀበለ። ከአገሩ ተወላጆች የመጀመሪያው የካቶሊክ ቄስ እሱ ነው።

በ1946 ለፈረንሳይ ፓርላማ ተወዳድሮ አሸነፈና የክህነት ቀሚሱን እንደለበሰ ፓሪስ ገባ። እዚያ ሚሼል ዡርዳን ከምትባል የፓርላማ ጸሐፊ ጋር ተዋወቀ። ተዋደዱ። እንግዲህ በኦርቶዶክሱ ሥርዓት ዲያቆን አግብቶ ይቀስሳል፤ ቄሱም ባለትዳር ሆኖ ይኖራል። በላቲኑ የካቶሊክ ሥርዓት ግን ቄስ አያገባም። ስለዚህ በ1949 መጨረሻ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከክህነት አገልግሎቱ አገደችው፤ በ1950 ተጋቡ። ሦስት ልጆች ወለዱ።

ሐሜቱን መገመት አያቅትም። በእኛም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ «ቆቡን ጣለ» ይባልና ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ አይታይለትም። ቦጋንዳን ግን የምናስታውሰው በሠራው ነው። የሚያፈቅራትን ሴት ደብቆ ቀሚሱን ለብሶ መቀጠል ይችል ነበር፤ ስንቱ አድርጎታል። እሱ በአደባባይ አገባት።

ደግሞም ሥራው አልተቋረጠም። ሜሳን የተባለውን ፓርቲ በ1949 ሲመሠርት ዓላማውን በአምስት ግሦች አስቀመጠው፦ ማብላት፣ ማልበስ፣ ማከም፣ ማስተማር፣ ማስጠለል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25ን ለሚያውቅ ቃሎቹ ከየት እንደመጡ አይጠፋውም፤ እኛ እንደሚመስለን ቄሱ ከውስጡ አልወጣም ነበር። ለካምፕ ሰውማ ምን ማብራሪያ ያስፈልገዋል? ራሽን፣ ልብስ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሸራ እያልን በየቀኑ የምንቆጥረው ነው። ሌላው የሚታወስበት በሳንጎ ቋንቋ የተነገረው «ዞ ክዌ ዞ» ነው። ሰው ሁሉ ሰው ነው ማለት ነው። እናቱ እንዴት እንደሞተች ላስታወሰ አባባሉ ተራ አይሆንበትም።

ትዳሩም ቢሆን በምቾት የተያዘ አልነበረም። በጥር 1951 በሎባዬ ቦካንጋ ገበያ ላይ፣ በገበሬዎች ኅብረት ሥራና በፖርቱጋል ነጋዴዎች መካከል ጠብ ተነሳ። ቦጋንዳ ለገበሬዎቹ ቆመ። እሱም ተያዘ፣ ሚስቱም ተያዘች። የሁለት ወር እስራት ተፈረደበት። ባለሥልጣናቱ በዚህ ያበቃለታል ብለው ነበር፤ ህዝቡ ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ወር እንደገና መረጠው። ሚሼልን ብዙ መጽሐፍ በአንድ መስመር ያልፋታል። ከባሏ ጋር አብራ የተያዘች ሴት ከዚያ በላይ ይገባታል እንላለን።

በ1956 የባንጊ ከተማ ከንቲባ ሆነ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1958 ሪፐብሊኩን አወጀ፤ የአገሩን ባንዲራ የነደፈውም እሱ ነው። ነፃነቱን ግን አላየም። መጋቢት 29 ቀን 1959፣ የትንሣኤ ዕለት፣ ከበርቤራቲ ወደ ባንጊ ሲበር አውሮፕላኑ ተከስክሶ የተሳፈሩት ሁሉ አለቁ። 49 ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሦስቱም ልጆቹ ገና ልጆች ነበሩ። የአደጋው ምክንያት ዛሬም ያከራክራል። አገሩ ነፃ የወጣችው በዓመቱ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1960 ነው።

ያች አገር ከ2013 ጦርነት ወዲህ ብዙ ልጆቿ ተሰደውባታል፤ ካሜሩን፣ ቻድና ኮንጎ ካምፖች ውስጥ የሚኖሩ ሞልተዋል። «ዞ ክዌ ዞ» አሁንም በአገሪቱ ዓርማ ላይ ተጽፏል፤ መጋቢት 29ም በየዓመቱ የቦጋንዳ መታሰቢያ ቀን ሆኖ ይከበራል። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 20 መሆኑ ነው። ከዚያ አገር የመጣ ጎረቤት ወይም የክፍል ጓደኛ ካላችሁ ስለ ቦጋንዳ ጠይቁት። እኛ ከጻፍነው በላይ ይነግራችኋል።