የወባ መድኃኒት በባዶ ሆድ ሲወሰድ

የወባ በሽታ በአገራችን ዳግም ማገርሸቱ ይታወቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ 1 ሺህ 157 ሰዎች ሞተዋል። ስለ አጎበርና ስለ ኬሚካል ርጭት ብዙ ተብሏል። መድኃኒቱ ከምን ጋር ይወሰድ የሚለው ግን ብዙም አልተወራም።

ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ኮአርተም ሁለት መድኃኒቶችን ይዟል። አርቴሜተር የተባለው ተውሳኩን በፍጥነት ይቀንሳል፤ ሉሜፋንትሪን ደግሞ በደም ውስጥ ለቀናት ቆይቶ የተረፈውን ያጸዳል። ይህ ሁለተኛው ወደ ደም ለመግባት ቅባት ይፈልጋል። በጤናማ ሰዎች ላይ እንደታየው፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከሚወሰደው እስከ 16 እጥፍ ይደርሳል። እንግዲህ አንድ አዋቂ 24ቱን እንክብል በ3 ቀን ሳያጓድል ቢውጥም በቂ መድኃኒት ላያገኝ ይችላል ማለት ነው። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳቱ ሲመለስ ታዲያ «መድኃኒቱ አይሠራም» ይባላል።

ችግሩ፣ ወባ የያዘው ሰው ምግብ አያሰኘውም። ጾም ሲሆንማ ይብሳል። የታመመ ሰው እንዲጾም እንደማይገደድ የሃይማኖት አባቶች ቢናገሩም እሺ የማይል ብዙ ነው። ደግነቱ የሚያስፈልገው ቅባት ጥቂት ነው፤ በአንድ ጥናት ከሩብ ብርጭቆ ያነሰ የአኩሪ አተር ወተት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ቅቤና ሥጋ የግድ አይደሉም። ዘይት የገባበት ሽሮ፣ አቮካዶ፣ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ወይም ሱፍ ፍትፍት ይበቃል። ሁለተኛውን መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ቀሪውን ጠዋትና ማታ ይውሰዱ። በወሰዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎ ያንኑ መጠን ይድገሙት፤ የጎደለውን እንዲተኩልዎም ለጤና ባለሙያው ይንገሩ።

ሌላው ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ነው። ለወባ ፍቱን ነው የሚሉ አሉ፤ ኮአርተምን ግን አይተካም። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ለሚወስድ ጠጪ ደግሞ አደጋ አለው። አልኮል ልማድ ያደረገ ሰው ጉበት ፓራሲታሞልን ሲያብላላ ወደ መርዛማ ነገር የሚለወጠው ክፍል ይበዛል። ይህን መርዝ የሚያከሽፈው ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ እሱም ቀናት ሳይበላ በቆየ ሰው ላይ ይመናመናል። ለጤናማ አዋቂ ጣሪያው በ24 ሰዓት 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 8 ፍሬ ነው። ለጠጪና ምግብ ላልቀመሰ ሰው ግን ከዚያ ያንሳልና መጠኑን ባለሙያ ይወስንለት።

ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ምክንያቱ ፓራሲታሞሉ ወይም ወባው ራሱ ሊሆን ይችላል። በየትኛውም ቢሆን ሳያሳድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።